ለዘንድሮ እግር የሚገዛ ብስክሌት

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረችኝ እዚህ ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ገበያ ቲማቲም ስትመርጥ ያገኘኋት ያገሬ ልጅ ናት። ስሟን በቅጡ አላውቀውም። ናሙዎንጎ ሰፈር እሳቸው ሱቅ በር ላይ እንደ እኔው በርበሬና ሽሮ ስትገዛ አያታለሁ፤ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ አያልፍም። «ጋሽ እንድሪስን ሰማሽ አይደል?» አለችኝ ዓይኗን ከቲማቲሙ ሳታነሳ። «ምን ሆኑ?» አልኳት። «አረፉ እኮ። ትናንት ጠዋት ነው። ከሰዓት ተቀበሩ።»

ሙስሊም ቀብር እንደማያሳድር አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀየምኩ። ማንን እንደተቀየምኩ ግን አላውቅም። ከቡጎሎቢ ናሙዎንጎ በእግር ቢሄዱት ሩቅ አይደለም፤ እሳቸው ሲሸኙ እኔ ፀጉር ቤት ቆሜ የሰው ፀጉር እየሠራሁ ከደንበኛዬ ጋር ስለ ዝናቡ አወራ ነበር። የገዛሁትን ሽንኩርት ከነፌስታሉ እዚያው መደብ ላይ ረስቼው ሄድኩ።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ እንድሪስ ደግ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር። ነዝናዛ ነበሩ። ሽሮ ልገዛ ሄጄ ስለ ልጄ ጫማ ይቆጡኛል። ረዥም፣ ቀጭን፣ በካምፓላ ሙቀት ግራጫ ሹራብ የማያወልቁ፣ የመነጽራቸውን አንድ እጀታ በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሰው ገብቶ ሌላው ውጭ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሳሙና ይሸጣሉ። ረቡዕና ዓርብ ስመጣ «ዛሬ ጾም ነው፤ ሽሮውን ላብዛልሽ» ይሉኛል። በረመዳን ደግሞ እኔ በተራዬ «ዛሬስ ጋሽ እንድሪስ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ስላቸው «ካንቺ ይሻላል» ብለው ይመልሱልኛል።

የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ሥራቸው ብስክሌት ማከራየትና መጠገን ነበር። አሥራ ሁለት ብስክሌት ነበራቸው፤ ለልጆች በዙር ያከራያሉ። ካምፓላ ከመጡ በኋላ ወደ በርበሬው ቢዞሩም እጃቸው ብስክሌቱን አልረሳም። ስለዚህ ለልጁ ብስክሌት የሚገዛ ያገር ሰው ሁሉ፣ ከናካሴሮም ይምጣ ከሌላ ሰፈር፣ መጀመሪያ እሳቸው በር ላይ ቆሞ «ጋሽ እንድሪስ፣ ጥሩ ብስክሌት የት ነው የማገኘው?» ይላል።

እሳቸው የት እንደሆነ አይናገሩም። «የት የሚባለው መጨረሻ ነው። ልጁን አምጣው» ይላሉ። ልጁ ሲመጣ ጫማውን ያስወልቁና ከበሩ ጋር አስጠግተው ያቆሙታል። ከዚያ ከጆንያ አፍ የተተረተረ ክር ይመዙና ከተረከዙ እስከ እግሮቹ መገናኛ ለክተው ቋጠሮ ያደርጉበታል። ክሩን ለአባትየው ይሰጡታል። «መቀመጫው ከዚህ ቋጠሮ ካለፈ፣ ሱቁ የፈለገ ቢያምር ጥለኸው ውጣ።»

አንድ ቀን የጅማ ሰው የሆነ፣ ሲበዛ የሞላለት ነጋዴ መጣ። መኪናውን ሳያጠፋ በመስኮት «ጋሼ፣ ለልጄ የመጨረሻውን ውድ ብስክሌት ልገዛለት ነው፤ ሱቁን ብቻ ጠቁሙኝ» አላቸው። ጋሽ እንድሪስ ሚዛኑ ላይ ያለውን ምስር እየመዘኑ «የልጅህ እግር ስንት ነው?» አሉት። አያውቅም። «ያንተስ ጫማ ቁጥር?» «አርባ ሦስት» አለ ፈጠን ብሎ። «በል ሂድና እሱንም እንደ ራስህ እወቀው» ብለው ፊታቸውን ወደ ምስሩ መለሱ። ሰውየው ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ መኪናውን አጥፍቶ ሳቀ። በሳምንቱ ልጁን ይዞት መጣ። እኔ እንዲያ ብባል ዳግም በዚያ በር አላልፍም ነበር፤ አመሌን አውቀዋለሁ።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ባለቤቴ ዳዊት ቀድሞን ካናዳ የሄደው ልጃችን ሊያ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። እኛ ፕሮሰስ ላይ ነን። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ይህን ቃል ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ወረቀት ገብቷል፣ መልስ ይጠበቃል፣ እስከዚያ ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር «እስከዚያ» ነበር። ጠረጴዛ አልገዛሁም፣ ስንሄድ ማን ይሸከመዋል ብዬ። መጋረጃው ያከራየችን ሴትዮ የተወችው ነው። ሊያ ብስክሌት ስትለኝ «ስንሄድ» እላታለሁ። ዳዊትም በስልክ «ብስክሌቱን ለእኔ ተዉልኝ። የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የምገዛላት፣ እኔ ነኝ የማስተምራት» ብሎ ለምኖኛል። አባትነቱ በስልክ ብቻ ለቀረ ሰው ይህችን እንዴት እነፍገዋለሁ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነና ሦስት ዓመት ሄደ። ሊያ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ «የእኔ ብስክሌት ካናዳ ነው ያለው» እያለች ትናገር ነበር።

ሰባት ዓመት የሞላት ሰሞን ቀጠሯችን እንደገና ተራዘመ። ያን ቀን አንጀቴ አልችል አለና ሊያን ይዤ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ለኳት፣ ክሩንም ቋጠሩ።

«ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን ጋሽ እንድሪስ» አልኳቸው፤ «እንዲያድግባት።»

«ምን እንዲያድግባት? ጫማ ነው?»

«ጫማም ቢሆን ሰፋ አድርገን አይደል የምንገዛው?»

«ጫማ ቢሰፋ ጥጥ ትወትፊበታለሽ። ብስክሌት ላይ ምን ልትወትፊ ነው?» አሉኝ። «ስሚኝ አስቴር። ብስክሌት ለዘንድሮ እግር ነው የሚገዛ። የከርሞው እግር ገና አልመጣም።»

አላመንኳቸውም። እኛ ቤት ያደግነው ሦስት ጊዜ ታጥፎ የተሰፋ ዩኒፎርም ለብሰን ነው። ያገራችን ልጅ ልብሱ ልኩ የሚሆነው ሊቀደድ ሲል ነው። እኔም በዚያው ነው ያደግኩት፤ ምንም አልሆንኩም ብዬ ነበር የማስበው።

በቅዳሜው አብረውን ወጡ። ሱቁን ዘግተው፣ ከሹራቡ ላይ ኮት ደርበው። መጀመሪያ ቡጎሎቢ አካባቢ ወዳለ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገባን፤ እኔ ነኝ እዚያ እንግባ ያልኩት። ብስክሌቶቹ ያበራሉ፣ መሪያቸው ላይ ሪባን ተንጠልጥሏል። ሊያ አፏን ከፍታ ቀረች። ጋሽ እንድሪስ የልጅቷን እጅ ፍሬኑ ላይ አደረጉና «ጨብጪው የኔ ዓለም» አሏት። ጣቶቿ አልደረሱም። የኋላውን ጎማ አንስተው አሽከረከሩት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ። ጥበቃው እስኪጠጋን ድረስ ቆዩ። ከዚያ ሻጯን በትሕትና «ዌባሌ ኛቦ» ብለው በአገሯ ቋንቋ አመሰገኑና ለእኔ በአማርኛ «ይሄ ፎቶ መነሻ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በታክሲ ወደ መሐል ከተማ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ዝቅ ብሎ ያገለገለ ብስክሌት ወደሚሸጥበት መንገድ ወሰዱን። ካቶ የሚባል ወፍራም ሻጭ አላቸው። ሲያያቸው «ምዜ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ፤ እዚህ ሽማግሌ የሚከበረው በዚህ ስም ነው። ሁለቱ ሰላምታ ሳይጨርሱ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ስዋሂሊ። ጋሽ እንድሪስ ቀለም የሚባል ነገር አያዩም። «ቀለም ዝናብ ያጥበዋል» ይላሉ። ብስክሌቱን ገልብጠው ብየዳውን በጥፍራቸው ይፍቃሉ፤ ቀና አድርገው ከስንዝር ከፍታ ይለቁትና የሚንኳኳውን ያዳምጣሉ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው ካቴናውን ያያሉ። ከሃያው መካከል አንዱን መረጡ። አረንጓዴ ነበር፣ ፀሐይ የጠጣው። ሊያ ስትቀመጥበት ሁለቱም እግሯ መሬት ረገጠ፤ ፍሬኑን እፍን አድርጋ ያዘችው። «ማሻአላህ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

የእኔ ዓይን ግን አጠገቡ ካለው ላይ ነበር። ሐምራዊ፣ ፊቱ ላይ ቅርጫት ያለው፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሚበልጥ። አረንጓዴው ዓመት ቢያገለግላት ነው፣ ይሄ እስክንሄድ ያደርሰናል ብዬ አሰብኩ። የዳዊትን ቃል ማፍረሴ ካልቀረ አንዴ ብቻ ላፍርሰው። «እስቲ ላስብበት» አልኳቸው። ጋሽ እንድሪስ አዩኝ፤ የማስበው የገባቸው ይመስለኛል።

ሰኞ ብቻዬን ተመልሼ ሐምራዊውን ገዛሁት።

ሊያ ሳመችኝ፤ ቅርጫቱን ሳመችው። ስትቀመጥበት የአውራ ጣቷ ጫፍ እንኳ መሬት አልደረሰም። ፔዳሉ ላይ ቁራጭ እንጨት በላስቲክ አሰርኩበት። እኔ ከኋላ እየያዝኩ፣ ሥራዬን አርፍጄ እየገባሁ፣ ሁለት ቀን ገፋኋት። በሦስተኛው ቀን ቀዩ የአፈር መንገድ ላይ ወደቀች። አገጯ ተላጠ፤ እንጨቱ ቁርጭምጭሚቷን መታት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእኔ ነበር፤ መከራው ያረፈው ግን ልጄ ላይ ነው።

መውደቁ ሳይሆን ከዚያ ያደረገችው ነገር ነው ያሳመመኝ። አላለቀሰችም። አገጯን አጠብኩላት፣ ፕላስተር ለጠፍኩላት። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋች ቤት አስገባችው፤ ከበሩ ጀርባ አስደግፋ አንሶላ አለበሰችው። «ግድ የለም ማሚ» አለችኝ፤ «ሳድግ እነዳዋለሁ። እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

የእኔ ድምፅ ነበር። «እስከዚያ» የእኔ ቃል ናት። ሌላው ልጅ አልፈልግም ብሎ መሬት የሚንከባለልበት ዕድሜ ላይ የእኔዋ መጠበቅን ለምዳ እኔን ታጽናናለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልገባሁም። ልጅቷን ብስክሌት መከልከሌ ትንሹ ነገር ነው፤ ልጅነቷን አንሶላ አልብሼ ከበር ጀርባ እንዳቆምኩት ነው የተሰማኝ።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስን ሸሸሁ። ሽሮ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመርኩ፤ ደግሞም መጥፎ ሽሮ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ጠዋት ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው «ሽሮ ነው የጠላሽ ወይስ እኔን?» አሉኝ።

አስገባኋቸው። ክፍላችን አንድ ናት፤ የሚደበቅ ነገር የለም። ከበሩ ጀርባ ያለውን አንሶላ አዩት፤ ከሥሩ ብቅ ያለውን ጎማም አዩት። አንሶላውን ገለጥ አደረጉ፤ በላስቲክ የታሰረውን እንጨት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። እኔ ቁጣውን እየጠበቅኩ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን የፕላስቲክ ወንበሩን ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁሴን የሚባል ልጅ አለኝ» አሉኝ። «ኮምቦልቻ።»

ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

«አሥራ ሁለት ብስክሌት ነበረኝ ብዬሻለሁ። ለልጆች ልክ ልክ የሆኑ። ለሰው ልጅ። ለእሱ አንዱንም አልሰጠሁትም፤ የእንጀራችን ናቸው ብዬ። የሰው ልጅ ሲዞርባቸው እሱ ቁጭ ብሎ ዙር ይቆጥርልኝ ነበር። ኋላ ብረቱ ጥሩ የሆነ ብስክሌት ተገኘና ገዛሁለት። የአዋቂ ነው፤ ትልቅ። ያድግበታል አልኩ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። በየወሩ ዘይት ይቀባዋል። በየጊዜው አውርደነው ይሞክራል፤ እግሩ አይደርስም፤ እንሰቅለዋለን። እንዲህ ሆነን ሳለ ነገር መጣና ካገር ወጣሁ። አንድ ቀን ካምፓላ ሆኜ ስልክ መታሁ። ‹አባ፣ እግሬ ደረሰ› አለኝ።»

አንሶላውን እያዩ «የገዛሁለት እኔ፣ ሲነዳ ያየው ጎረቤት» አሉ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ ለምን ይቅርታ እንደጠየቅኩ ግልጽ ሳይሆንልኝ።

«ለእኔ ምን ታደርጊልኛለሽ። አብሽሪ» አሉኝ። «ብረቱ ጥሩ ነው፤ ካቶ መልሶ ይወስደዋል። ልጅቱ ግን አትጠብቅ። ልጅ ሲጠብቅ ጨዋ ይመስላል አስቴር። እኔም ሁሴንን ጨዋ ነው እል ነበር።»

ካቶ ሐምራዊውን ወሰደው፤ አረንጓዴው ግን ተሸጦ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ፈለግን። በሁለተኛው ቅዳሜ ከብስክሌት ክምር ሥር መቀመጫ የሌላት፣ ዝገት የጀመራት ብርቱካንማ ብስክሌት ወጣች። እኔ ብሆን ለቆራሌው እንኳ አላሳያትም። ጋሽ እንድሪስ ገልብጠው አዩዋትና «ይህችኛዋ ናት» አሉ። ሱቃቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ሳምንቱን ሙሉ ሠሯት። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እጃቸውን ከዘይቱ እስኪያጥቡ ቆሞ ይጠብቃል። ሊያ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች እዚያው ናት፤ «አባባ እንድሪስ» እያለች ብሎን ታቀብላለች። ሮሌክስ፣ ማለትም በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል፣ ለሁለት ቆርሰው ሲበሉ ብዙ ጊዜ ደርሼባቸዋለሁ።

ብስክሌቷ ስታልቅ ፔዳሎቹን ፈቱላት። ደነገጥኩ። «ፔዳል ኋላ ነው። መጀመሪያ በእግሯ እየገፋች ሚዛኗን ታግኝ» አሉኝ። ከሐዲዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ሊያ በሁለት እግሯ መሬቱን እየገፋች፣ ትንሽ ስትንሳፈፍ እየጮኸች ሳምንት ከረመች። አንዴም አልወደቀችም።

ፔዳሉ የተገጠመ ዕለት ቅዳሜ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ልይዛት ስጠጋ ከለከሉኝ። ራሳቸው ወደ ሜዳው ዳር ሄዱና ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ቆሙ። «ከኋላ የያዘ ሰው ጀርባ ነው የሚያይ» አሉ። «ወደ እኔ ትምጣ።»

መጣች። መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ጋሽ እንድሪስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ፍሬኑን ራሳቸው ስለሠሩት ይሆናል። ሊያ ጫማቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ጨበጠችው፤ ቆመች፤ ሁለት እግሯን መሬት አሳረፈች። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። የሹራባቸውን እጅጌ ዓይናቸው ላይ አደረጉና «ደረሰ፤ እግሯ ደረሰ» አሉ። ማንን እያዩ እንደነበር ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። አለቀስኩ፤ ሊያ ግን ስላቆመች ነው ያለቀስነው ብላ መሰለኝ፣ ዞራ እንደገና ጀመረች።

የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለዳዊት ላኩለት። ቀኑን ሙሉ መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ደወለ። «ቅር አለህ?» አልኩት። «አዎ» አለ። ቀጥሎም «ቪዲዮው አጠር ብሎብኛል። ሌላም ካለ ላኪልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እልክለት ነበር፤ ሊያ በአንድ እጇ ስትነዳ፣ ሊያ ኩሬ ውስጥ ስትገባ። ጋሽ እንድሪስም ሱቃቸው ደጅ ስታልፍ «ፍሬን!» እያሉ ሲጮሁባት በአንዱ ቪዲዮ ላይ ይሰማሉ። ዳዊት እሳቸውን በድምፅ ብቻ ነው የሚያውቃቸው።

ጠረጴዛም ገዛሁ። መጋረጃም ቀየርኩ።

እንግዲህ እንዲህ ሁለት ዓመት ኖረን ነው የሞቱት። ገበያ መርዶውን የሰማሁ ዕለት ሱቃቸው ደጅ ሄጄ ቆምኩ፤ ተዘግቷል። ለሁሴን ማን እንደነገረው የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ቆይቶ ስልኩን ከመስጊድ ሰዎች ተቀብዬ ደወልኩለት። ጎልማሳ ድምፅ ነው ያለው። አባቱ እዚህ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ ሊያ ብስክሌት ነገርኩት። «ልኳ ነበረች?» አለኝ። «ልኳ ነበረች» አልኩት።

እሳቸው በሞቱ በሦስተኛው ሳምንት ፕሮሰሳችን አለቀ ተባለ። ቪዛ ወጥቷል፤ ጉዞው በአምስት ሳምንት ውስጥ ነው። አምስት ዓመት የጠበቅነው ነገር በአንድ የስልክ ጥሪ መጣ። ዳዊት በስልክ ያለቅሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ሊያ በመሐላችን ስለ በረዶ ትጠይቃለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብርቱካንማዋ ብስክሌት አጥራባታለች፤ ስትነዳ ጉልበቷ መሪውን ይመታል። ወር ሆኖታል፤ አይቻለሁ።

«እዚህ ብስክሌት ቤት ሞልቷል። ስትመጡ ወዲያው እንገዛለን» አለ ዳዊት። ደግሞ እውነቱን ነው። ጎረቤቶቼን ሳማክራቸውም ለአምስት ሳምንት ብለሽ ትገዢያለሽ? አሉኝ። ሊያም «ማሚ፣ መጠበቅ እችላለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት፤ «አትጠብቂም ግን።»

ቅዳሜ ካቶ ዘንድ ሄድን። «ምዜስ?» አለኝ እንዳየኝ። አልሰማም ነበር። ስነግረው የያዘውን ጎማ አስቀምጦ እላዩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ዋጋ ሲጠይቀው አልመለሰም። ከቆይታ በኋላ ተነስቶ ለሊያ አንድ ትልቅ ብስክሌት አወጣላት፤ ልጅቷ ታድጋለች አለ። አይሆንም አልኩት። ሌላ አወጣ። ሊያ ተቀመጠች፤ እግሯን አየሁ፤ እጇን ፍሬኑ ላይ አየሁ። ጎማውን አንስቼ አሽከረከርኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። የምሰማው ምን እንደሆነ ባላውቅም አዳመጥኩ። ካቶ ለስንት ጊዜ ነው የምትፈልጉት ብሎ ጠየቀኝ። አምስት ሳምንት አልኩት። እብድ እንደሆንኩ ቢያስብም ካቴናውን ዘይት ቀባልኝ።

ከነገ ወዲያ እንበራለን። ሻንጣዎቹ ተሞልተው ቆመዋል፤ ጠረጴዛውን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ሻንጣ ላይ ተደግፌ ነው። እራት ቀርቧል። ቅድም ሊያን ልጠራት ወደ ሜዳው ወጥቼ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ ደርሳ፣ ልጆች ተከትለዋት፣ ቆማ ትነዳለች። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምግቡ ይቀዝቅዝ።